ስለ ጤፍ፣ ስለ ማሽላና ስለ ዳጉሳ፤ ስንዴ ለማይስማማው ሰው

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር በአንድ አባላችን ቤት ሐዘን ደርሶ ድንኳን በተተከለ በሁለተኛው ቀን፣ የሟቿ የልጅ ልጅ የሆነች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከእናቶች መሐል ተቀምጣ እንጀራ በላች። እናቷ አስቀድማ «ንጹሕ የጤፍ ነው ወይ?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ ጓዳ የነበሩት እናቶቻችንም በቅን ልቡና «አዎን እቴ፣ የጤፍ ነው» ብለው መለሱላት። በማግሥቱ ልጅቱ ሆዷ ተነፋ፣ አስመለሳት፣ ሦስት ቀን ሙሉም ከአልጋ ሳትነሣ ቀረች። ኋላ ሲጣራ ዱቄቱ ለለቀስተኛው እንዲበረክት ተብሎ ስንዴና ገብስ ተደባልቆበት ኖሯል። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም። በየቤታችን የምናደርገውን ነው ያደረጉት።

በመስከረም ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ አባትየው ተነሥቶ «እኔ በየወሩ ለዕድሩ የምከፍለው ልጄ በአያቷ ድንኳን ውስጥ ጦሟን እንድትውል ነው?» ሲል ጠየቀ። ከወደኋላ አንድ ሰው «ደግሞ ስንዴ የማይበላ ሰው አለ እንዴ!» አለና ጥቂቶች ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ከሳቁት አንዱ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከምናዘጋጀው ሦስት ሰዎች መካከል ነው። ጉባኤው ነገሩን አጣርታችሁ በመጽሔታችን ላይ ጻፉልን ብሎ ሲመርጠን የመሰለን ልጅቱ የምትበላውንና የማትበላውን በግማሽ ገጽ ዘርዝረን የምንገላገል ነበር። ሐኪም ስንጠይቅ፣ መጽሐፍ ስናገላብጥ፣ ባልቴቶችን ስናነጋግር ግን ነገሩ ወደ ታሪክ ወሰደን። ያውም ወደ ገዛ ጓዳችን ታሪክ።

በመጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደሆነ እንግለጽ። ከመካከላችን ገጠር ያደገ ሰው ልጅ ሳለ ጥሬ ስንዴ እያላመጠ ማስቲካ ሠርቶ ሳይጫወት የቀረ አይመስለንም። ያ እንደ ጎማ የሚሳበው ነገር ነው ግሉተን የሚባለው። የቦሎኛው ሊቅ ቤካሪ እ.ኤ.አ. በ1728 የስንዴ ሊጥ በውሃ አጥቦ አጥቦ ነጩን ስታርች ካስወገደ በኋላ ይህንኑ የሚያጣብቅ ነገር ለብቻው ለይቶ አሳይቷል። ዳቦ ሲጋገር ተነፍቶ የሚቆመው በዚህ ነው፤ አየሩን እንደ ፊኛ ይዞ ያስቀረዋል። ብዙው ሰው ያለ አንዳች ችግር ይበላዋል። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም በዘሩ ያለበት ሰው ግን በስንዴ፣ በገብስና በሌላው የአውሮፓ እህል በራይ ውስጥ ያለው ይህ ነገር አንጀቱ ሲደርስ፣ የሰውነቱ መከላከያ እንደ ጠላት ቆጥሮት ጦር ያነሣል። በጦርነቱ የሚጎዳው ደግሞ የራሱ አንጀት ነው። ምግብ የሚመጥጠው የአንጀት ገጽ እየተላጨ ስለሚሄድ የበላው አይዋሐደውም፤ ልጅ ከሆነ ይቀጭጫል፣ ደም ያንሰዋል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል። እስከ ዛሬ የሚያድን ኪኒን አልተገኘለትም። መድኃኒቱ እነዚያን እህሎች ዕድሜ ልክ መተው ብቻ ነው። ጥቂት ነው፣ አንድ ጉርሻ ነው አይባልም።

ሐኪሞች ይህን ለማወቅ ምን ያህል እንደደከሙ ስናነብ በገዛ ሳቃችን አፈርን። የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ጊ እ.ኤ.አ. በ1887 ስለ ሕመሙ በሰጡት ትምህርት ልጁ የሚድን ከሆነ የሚድነው በምግቡ ነው ብለው ነበር። እንዲያውም ሙስል የሚባለውን የሆላንድ የባሕር ዛጎል በየቀኑ እየበላ ያገገመ፣ የሙስሉ ወቅት ሲያልፍ ግን ተመልሶ የታመመ ልጅ ማየታቸውን ጽፈዋል። እኒሁ ሰው ታዲያ ከተፈቀዱት ምግቦች መካከል በስሱ ተቆርጦ የተጠበሰ ዳቦን አስገብተውታል! ደጃፉ ድረስ ደርሰው ተመለሱ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ አሜሪካዊው ዶክተር ሲድኒ ሃስ ሕፃናቱን ሙዝ ሲያበሉ ብዙዎቹ ዳኑ፤ ምስጋናውም ሁሉ ለሙዝ ሆነ። ሙዙ ሲገባ ዳቦው መውጣቱን ልብ ያለ አልነበረም።

ምሥጢሩ የተፈታው በሆላንድ ነው። ዶክተር ቪለም ካረል ዲከ በዴን ሃግ ከተማ የሚገኘው የዩሊያና የሕፃናት ሆስፒታል ኃላፊ ነበሩ። እንደሚነገረው፣ ወደ ልባቸው ሐሳቡን ያስገባችው አንዲት እናት ናት፤ ዳቦ ስከለክለው ልጄ ይሻለዋል፣ ስመልስለት ይብስበታል አለቻቸው። እሳቸውም እንደ እኛ አልሳቁም፣ ጻፉት። ቀጥሎም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው ክረምት ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ሆላንድ ምግብ እንዳይገባ ስለከለከሉ ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ፣ ብዙ ሺህ ሰውም በረሃብ አለቀ። በዚያ የመከራ ጊዜ ቀድመው ይሞታሉ የተባሉት የሴሊያክ ሕመምተኞች ሕፃናት በአንጻሩ ተሻላቸው፤ ዳቦ አልነበረማ! ሰላም ወርዶ ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸውም አብሮ ተመለሰ። ዲከ ለዓመታት የሰበሰቡትን ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1950 ለዶክትሬት ጽሑፋቸው አቀረቡ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ዓለም ያመነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልን አንባቢ ይሳሳትብናል። ስንዴን ልንሰድብ አልተነሣንም። አሁን አሁን ምንም ሕመም ሳይኖረው ፋሽን አድርጎት ስንዴ የሚሸሽ ሰው አለ፤ እኛ ለጤነኛ ሰው ስንዴ መርዝ ነው የሚል ቃል ከሐኪም አልሰማንም። የጠየቅናቸው ሐኪም እንዲያውም ያስጠነቀቁን ሳይመረመሩ ስንዴ ስለ መተው ነው። ሕመሙ በደም ምርመራና በአንጀት ናሙና የሚታወቀው ሰውየው ስንዴ እየበላ ሳለ ነውና፣ አስቀድሞ የተወ ሰው ምርመራው ሊያሳስተው ይችላል።

ወደ እኛው እህል እንመለስ። ጤፍ ግሉተን የለውም። የእኛ እናቶች ይህን ቃል ሳይሰሙ ነገሩን በእጃቸው ያውቁት ነበር። የጤፍ ሊጥ እንደ ስንዴ አይሳብም፣ ቢለውሱት አይወጠርም። ታዲያ ያ ሁሉ የእንጀራ ዓይን ከየት መጣ? ቡሆው ከተቦካ በኋላ ጥቂቱን ወስደው በፈላ ውሃ ያበስሉትና አብሲት ብለው መልሰው ይጨምሩታል። የበሰለው ሊጥ ወፈር ብሎ ቡሆውን ስለሚያያይዘው፣ እርሾው የሚያወጣው አየር ወዲያው አምልጦ አይጠፋም፣ በምጣዱ ላይ ዓይን ሠርቶ ይወጣል። ዛሬ በውጭ አገር ያለ ስንዴ ዳቦ ለመጋገር ፋብሪካዎች የማያያዣ ዱቄት እየገዙ ይጨምራሉ። በእኛ አገር ይህን ያደረገችውን የመጀመሪያዋን ሴት ስም የጻፈ የለም።

ሌላው የጤፍ ጠባይ ትንሽነቱ ነው። ስሙ ራሱ «ጠፋ» ከማለት የመጣ ነው ይባላል፤ ከእጅ ቢወድቅ አይገኝምና። አንዲት የስንዴ ፍሬ ከመቶ ሃምሳ ያህል የጤፍ ፍሬዎች ጋር ትመዘናለች። ከዚህ የተነሣ ገለባውን ከፍሬው ለይቶ ማበጠር አይቻልምና ጤፍ ሁልጊዜ ከነሙሉ አካሉ ይበላል። የፉርኖ ዱቄት ግን እንዲህ አይደለም። የስንዴው ቆዳ ፉርሽካ ተብሎ ለላም ይሄዳል፣ ለእኛ የሚደርሰን ነጩ ነው። ከላሚቱ ጋር ብንወዳደር የተሻለውን የበላነው እኛ አይደለንም። ስለ ጤፍ ብረትም ብዙ ይባላል፤ ጤፍ ብረት እንዳለው እርግጥ ነው፣ ግን በአንዳንድ ምርመራ የታየው እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር ከፊሉ በአውድማ ከበሬ ኮቴ ሥር ከአፈር የተቀላቀለ መሆኑን የእኛው አገር ሊቃውንት ጭምር አረጋግጠዋል። የአገራችንን ነገር ስናመሰግን ልክ እናብጅለት ብለን ነው ይህን የጻፍነው።

ጤፍን ያለመደው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ደጋው የኢትዮጵያ ምድር መሆኑን ግን የሚከራከር የለም። በአክሱም አካባቢ በተደረገው ቁፋሮ ከከሰለ እህል መካከል ጤፍ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1866 ኡንገር የተባለ ሊቅ ከግብፅ ፒራሚድ ጡብ ውስጥ የጤፍ ፍሬ አገኘሁ ብሎ ነበር፤ የኋላ ሊቃውንት ግን የጤፍ ዘመድ የሆነ የዱር ሣር ሳይሆን አይቀርም ብለው ተጠራጥረዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጎንደር ዘመን መጥቶ ሲመለስ ዘሩን ወደ አውሮፓ ወስዷል። በ1775 እ.ኤ.አ. ዙካኚ የሚባል ጣሊያናዊ የሳይንስ ስም አወጣለት። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1886 በለንደን አጠገብ ያለው የኪው የአትክልት ሥፍራ የጤፍ ዘር ወደ ሕንድ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሌሎችም ቦታዎች በትኗል። በደቡብ አፍሪካ በጣም ተወደደ፤ ለምን ቢሉ ለከብትና ለፈረስ ድርቆሽ! ፍሬውን የሚበላ ግን አልነበረም።

በአገራችንም ቢሆን ጤፍ ከሳይንስ ብዙ ሳይጠቀም ኖሯል። የስንዴና የበቆሎ ሊቃውንት በመላው ዓለም አሉ፤ ጤፍን ከእኛ በቀር ማን ያጠናዋል? በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ጣቢያ የነበሩት ባለሙያዎች ሁለት ዓይነት ጤፍ ለማዳቀል ቢሞክሩ አልሆነላቸውም ነበር፤ አበባው ከዓይን የማይሞላ ከመሆኑም በላይ ተከፍቶ የሚታይ አይመስልም። ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1974 አበባው የሚከፈተው ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ማዳቀል ተቻለ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ የተባለው ነጭ ጤፍ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ቁንጮን ያልበላ የአዲስ አበባ ሰው ቢኖር ጥቂት ነው፤ ስሙን የሚያውቅ ግን ከዚያም ያንሳል።

ስለ ማሽላና ስለ ዳጉሳ ስንጠይቅ አንድ ነገር ታዘብን። ያነጋገርናቸው አዛውንት ሁሉ በልጅነታቸው በልተዋቸዋል፤ ከተማ ከገቡ በኋላ ግን ለእንግዳ ማቅረብ ያፍሩ ነበር። አንዲት እናታችን «ቀይ ጤፍ ለቤተሰብ፣ ነጭ ጤፍ ለእንግዳ፣ ማሽላ ደግሞ በር ተዘግቶ» ብለው አሳቁን። ይህ ደረጃ ከወዴት መጣ? ከእህሉ ጥቅም እንዳልመጣ እርግጠኞች ነን። ዛሬ ያ ቀይ ጤፍ ሐኪም ያዘዘው እየተባለ ከገበያ ይፈለጋል።

ማሽላ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በምሥራቅ ሱዳን፣ ከከሰላ ብዙ በማይርቅ ሜዳ ይዘራ እንደነበረ በሸክላ ስብርባሪ ላይ የቀረው የፍሬው ማኅተም አሳይቷል። እንግዲህ ጎረቤታችን ነው። በወሎ ገበሬዎች ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅለው የሚዘሩት፣ እሸቱን ጠብሰው የሚበሉት «ወተት በጉንጬ» የሚባል ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰበ ብዙ ሺህ ዓይነት ማሽላ ሲመረምሩ፣ ላይሲን የተባለውና በእህል ውስጥ የሚጎድለው የገንቢ ምግብ ክፍል ከፍ ብሎ የተገኘው በሁለት የኢትዮጵያ ማሽላዎች ነበር፤ አንደኛው ይኸው የወሎው ወተት በጉንጬ ነው። ገበሬው ስሙን ሲያወጣ ላቦራቶሪ አልነበረውም። በ1966 ረሃብ ያለቀው ወሎዬ ይህን ያህል ሀብት በማሳው ይዞ እንደነበር ስናነብ ዝም ብለን ቆየን።

ዘሩ ራሱ ሊጠፋ የነበረበት ጊዜም ነበር። ገበሬ ሲርበው የሚጨርሰው በመጨረሻ ለዘር ያስቀመጠውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ በኋላም በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት የአገሩን ዘር ከየመንደሩ እየለቀመ አስቀምጧል፤ ዶክተር መላኩ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። የወለንኮሚው ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታም ማሽላን የሚገድለውን አቀንጭራ የሚቋቋም ዘር በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በር ተዘግቶ ይበላ የነበረው እህል ይህን ያህል ክብር አምጥቷል።

ዳጉሳም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በጥንት ዘመን ወደ ሕንድ ተሻግሯል፤ በዚያ ራጊ ይሉታል፣ ለሕፃን አጥሚት ያደርጉታል። ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም የሚወዳደረው የለም፣ ነቀዝም ስለማይደፍረው ለዓመታት ይቀመጣል። እኛ ግን በጎጃምና በጎንደር ካልሆነ በቀር የምናውቀው ለጠላና ለአረቄ ነው። እናትና ልጅ ሊበሉት የሚገባውን አባት ጠጣው ብንል ቅር የሚለው አንባቢ አይጠፋም።

አሁን ወደ ድንኳናችን እንግባ። ስንዴ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። ሩሲያዊው ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ሲጎበኙ በየማሳው ያዩት የስንዴ ዓይነት ብዛት አስደንቋቸዋል። ድፎ ዳቦም፣ የለቅሶ ንፍሮም የቆየ ነው። አዲስ የሆነው ስንዴው ሳይሆን ብዛቱና ፉርኖው ነው። ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፤ ፉርኖ በጣሊያንኛ የዳቦ ምድጃ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከፓስታውና ከመኮሮኒው ጋር በከተማው አስፋፋው፤ ጣሊያን ሄደ፣ ምድጃው ቀረ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ በጭላሎ አውራጃ የተጀመረው የእርሻ ልማት ለአርሲ ገበሬ ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ አደለ። በደርግ ዘመን የአርሲና የባሌ የመንግሥት እርሻዎች ስንዴ አመረቱ፤ የቀበሌ ዳቦ ሰልፍ ላይ ያልቆመ የዚያ ዘመን ሰው የለም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ደግሞ የእርዳታ ስንዴ በመርከብ ገባ። ሕይወት ያዳነ ስንዴ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን የእርዳታ ስንዴ የራሱ ጣጣ እንዳለው ከሌላ አገር አይተናል። በአልጀሪያ በረሃ የተጠለሉት የምዕራብ ሰሐራ ስደተኞች ዋናው ቀለባቸው የስንዴ ዱቄት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1999 የጣሊያን ሐኪሞች ልጆቻቸውን ሲመረምሩ ከመቶው 5.6 ያህሉ ሴሊያክ ሆነው ተገኙ፤ ዘርም አለበት፣ ምግቡም አለበት። በአውሮፓ ከመቶ ሰው አንድ ያህል ነው።

እንግዲህ ጤፍ እየተወደደ ሲሄድ እኛም ስንዴ፣ ገብስ፣ ሩዝ እየደባለቅን መጋገር ያዝን። ድንኳኑ ሰፋ፣ ለቀስተኛው በዛ፣ ዱቄቱ አነሰ። «የጤፍ እንጀራ» የሚለው ስም ግን እንዳለ ቀረ። ልጅቱን የጎዳት ይህ ስም ነው።

የሚገርመው፣ እኛ ስንደባልቅ ፈረንጅ ንጹሑን ይፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን የኖሩት አሜሪካዊው ዌይን ካርልሰን ወደ አገራቸው ተመልሰው በአይዳሆ ጤፍ ዘሩ። በእስራኤል ያሉት ወገኖቻችንም እንጀራቸውን ሳይተዉ ቆይተው ዛሬ እዚያም ጤፍ ይዘራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች ጤፍ ለሴሊያክ ሕመምተኞች የማይጎዳ መሆኑን በምርመራ አይተው በታወቀ የሕክምና መጽሔት አወጡ። በዚያው ዓመት አንድ የሆላንድ ኩባንያ ጥቅሙን ለመካፈል ከኢትዮጵያ ጋር ውል ተዋዋለ። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄትና አሠራሩ ላይ የአውሮፓ ፓተንት ወሰደ፤ በ2009 ከሰረ፣ ለኢትዮጵያም የረባ ነገር ሳይደርሳት ቀረ። ፓተንቱ ግን በሌሎች እጅ ቆየ። በመጨረሻ በ2018 ፍርድ ቤቱ ፓተንቱ አዲስ ፈጠራ የለበትም ሲል በሆላንድ ውስጥ አፈረሰው። ፍርድ ቤቱ ያለው በዴን ሃግ ነው፤ ዶክተር ዲከ የእናቲቱን ቃል በጻፉበት ከተማ። መንግሥታችንም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤፍ ፍሬ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር፤ ኋላ በ2015 ለተወሰኑ ትልልቅ አምራቾች በመጠኑ ፈቀደ።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ወደ ተላክንበት ጉዳይ ተመለስን። ከእናቶች ጋር ሦስት ጊዜ ተሰብስበን የዕድሩን ጓዳ ፈተሽን፣ ያሰብነውም ቀላል እንዳልሆነ ተረዳን። ጤፉን ብቻ ንጹሕ ማድረግ አይበቃም። ወፍጮ ቤት ከፊታችን ስንዴ የተፈጨ እንደሆነ የመጀመሪያው ዱቄት ከእርሱ ጋር ይወርዳል፤ ስለዚህ በጠዋት ወፍጮው ሳይነሣ ደርሶ፣ መጀመሪያ የወረደውን ጥቂት ኪሎ ለሌላው ሰው ማዋል ይገባል። ቡሃቃውም ከዱሮው የተረፈ ሊጥ አለበት። ከሁሉ የከፋው እርሾው ነው። እርሾ ከጎረቤት ጎረቤት እየተዋዋስን የምናቆየው ነውና፣ ድብልቅ እንጀራ ከሚጋገርበት ቤት የመጣ እርሾ ስንዴውን ይዞት ይመጣል። በንጹሕ ጤፍ አዲስ እርሾ መጣል ግድ ሆነ፤ የመጀመሪያው ሁለት ጊዜ ጋገራው ሊጣፍጥ አልቻለም፣ ሦስተኛው ተቃና።

የሌላውም ምግብ ነገር እንዲሁ ነው። በሶ ገብስ ነው፣ ቅንጬም ገብስ ወይም ስንዴ ነው፣ ጠላም የገብስ ብቅል አለበት። «አጃ» የሚለው ስም በተለይ ያሳስታል፤ በአንዳንድ አገር አጃ የሚባለው የስንዴ ዘመድ ነው፣ በከተማ ደግሞ ሌላውን የአጥሚት እህል እንለዋለን። ስለዚህ ስሙን ብቻ ሰምቶ ለሕመምተኛ ማቅረብ አይገባም። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዘንጋዳ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ እንዲሁም ሽምብራና ባቄላው ሁሉ ይበላሉ፤ ሳይቀላቀሉ ከሆነ።

ስለ ንፍሮ ክርክር ነበር። አንድ አዛውንት አባላችን ስንዴ የሌለበት ንፍሮ የለቅሶ ንፍሮ አይባልም ብለው ጠበቁ። እኛም የአባቶችን ልማድ እንሻር አላልንም፤ የስንዴው ንፍሮ እንዳለ ይቀቀል፣ በአንዲት ትንሽ ድስት ግን በቆሎና ሽምብራ ለብቻ ይቀቀል አልን። እሳቸውም በመጨረሻ «እኔ ራሴ በልጅነቴ በክፉ ዘመን የማሽላ ንፍሮ ነበር የበላሁት» ብለው ተስማሙ። እንዲህ ዓይነቱን ንፍሮ በጥር ወር በነበረው ሐዘን ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረብን። ከልጅቱ በቀር ሌላ ሁለት ሰዎች መጥተው ከዚያ ድስት ጠየቁ፤ አንደኛው ለዓመታት ስንዴ ሲበላ ሆዱን እንደሚያመው ተደብቆ የኖረ አባላችን ነው። ወደ ሐኪም ሂድ ብለነዋል።

ወጪውን በሚመለከት፣ ሥራ አስኪያጅ ኮሚቴው ሃምሳ ኪሎ ቀይ ጤፍና ሃያ አምስት ኪሎ ነጭ ማሽላ ገዝቶ ለዚሁ ብቻ እንዲቀመጥ ፈቅዷል። ለብቻው የሚሆን ምጣድ፣ ቡሃቃ፣ ድስትና ማሰሻም ተለይቷል፤ በሁሉም ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮባቸዋል። ቀይ ጨርቅ ያለበትን ዕቃ ለሌላ ሥራ መዋስ ክልክል ነው፤ ለሠርግም ቢሆን አይሰጥም። በቤቱ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለው አባል ለጸሐፊው አስቀድሞ ያስመዝግብ። የጓዳው ቁልፍ በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ እጅ ነው፤ በሌሊትም ቢሆን በራቸውን ማንኳኳት ይቻላል።